የባሪያ ንግድ መንገድ በቅርስ መዝገብ ይግባ

ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የሴኔጋሏ የጎሬ ደሴትም አለች። እሷ የተመዘገበችው ግን በውበቷ አይደለም። ሰው እንደ ዕቃ እየተጫነ ወደ ባሕር ማዶ ስለተሸጠባት ነው። ከዚያ ወዲህ ፋሲል ግቢ፣ አክሱም፣ ጥያ፣ ሐረር ጀጎል፣ ኮንሶና ጌዴኦ ተከትለው ገብተዋል። የባሪያ ንግድን ታሪክ ዋና ጉዳዩ አድርጎ ከኢትዮጵያ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ግን አንድም የለም።

ይህ የሆነው ታሪኩ ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከእናርያና ከከፋ የሚነሣው ሲራራ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ይዞ ዓባይን ይሻገርና ዛሬ የጁቤ ከተማ ባለችበት አካባቢ ወደነበረው ወደ ታላቁ የባሶ ገበያ ይደርሳል። ከጎጃም ደግሞ ከጣና በስተምሥራቅ በደሪጣና በይፋግ በኩል ጎንደር ይገባል። ከጎንደር አንዱ መንገድ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ሌላው በአድዋ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊም ጀበርቲዎች ነበሩ፤ ለክርስቲያን ነውር የነበረው ባሪያ መነገድ እንጂ መያዝ አልነበረምና። ይህ ግን ክርስቲያኑን ነፃ አያወጣውም። በየኬላው ቀረጡን የሚቀበለው መኮንን፣ በቤቱ የሚያስፈጨውና ውኃ የሚያስቀዳው ጌታ ክርስቲያን ነበር። ታሪኩን ለአንድ ወገን ብቻ የሚያሸክም የቅርስ ማመልከቻ ከመጀመሪያው ገጹ ጀምሮ ሐሰተኛ ይሆናል።

በቤጌምድሩ እስቴ በኩል የዚህ መንገድ ጉዳይ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታየው ሰባራ ድልድይ ነው። ዓባይ ላይ፣ በጎጃሙ ሞጣና በቤጌምድር መካከል፣ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ ሰበሩት፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ማዶ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል። ስለ ንጉሡ ሥራና ስለ አርበኞቹ ጀግንነት ብዙ ተነግሯል፤ መነገርም አለበት። ከጎጃም ወደ ቤጌምድር የተነዱት ሰዎች በየትኛው መልካና በየትኛው ድልድይ እንደተሻገሩ ግን ተጠይቆ፣ ተጠንቶ በወጉ መጻፍ አለበት።

ሕጉ እንቅፋት አይሆንም። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የሚለካው በታሪካዊ፣ በሳይንሳዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው፤ የሚያኮራ መሆን አለበት የሚል ቃል የለበትም። ሥራው የሚጀመረው ከወረዳ ነው። የአካባቢው ሰው ወይም መምህር ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመለክታል፤ ባለሙያው ቦታውን አይቶ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ወሰኑን፣ ባለይዞታውን፣ ታሪኩንና የጉዳቱን መጠን ይመዘግባል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። ፋይሉ በዞን በኩል ወደ ክልሉ ቢሮ ይሄዳል። የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይለያል፤ በብሔራዊ ደረጃ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ይህ መንገድ ከእናርያና ከከፋ ተነሥቶ እስከ ድንበር የሚዘልቅ ስለሆነ እንደ አንድ ብሔራዊ ቅርስ ሊታይ ይገባዋል ባይ ነኝ። ባሶን ብቻውን፣ ይፋግን ብቻውን ማስመዝገብ ታሪኩን ይቆራርጠዋል።

የዓለም ቅርስነት ሲታሰብ አመልካቹ መንግሥት ብቻ ነው። ቦታው በጊዜያዊ መዝገብ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ሰነዱ በባለሙያዎች ተመርምሮ 21 አገሮች ለሚወከሉበት ኮሚቴ ይቀርባል። ከዚህ ሌላ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 በቤኒን ዊዳ ከተማ የጀመረው የባሪያ ንግድ መንገዶች ፕሮጀክት አለ። ለእኛ ወረዳዎች ቅርብ የሚመስለኝ እሱ ነው፤ ዋና ጉዳዩ ይኸው ታሪክ ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃው ነው። የገበያ ቦታ ግንብ አይተውም፤ ሜዳው ዛሬ ጤፍ ይዘራበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የተመዘገበው የሞሪሸሱ ለ ሞርን ተራራ ያመለጡ ባሮች መሸሸጊያ ነበር፤ ታሪኩን ጠብቆ ያቆየው በአብዛኛው የአፍ ትውፊት ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 እንግሊዞች ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ የነበሩ ጀልባዎችን ይዘው ያስጣሏቸው የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። የእያንዳንዱ ቃል ስለተጻፈ፣ ከየት እንደተያዘና በየት በየት እንደተሸጠ ዛሬ በካርታ ላይ ይታያል። ከመካከላቸው አንዷ ቢሾ ጃርሳ የታዋቂው የደቡብ አፍሪካ ምሁርና ታጋይ ኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት። በእኛው መንገድ ላይም የተጓዦች መጽሐፎች፣ በብራና ኅዳግ ላይ የተጻፉ የውርስ ቃሎች፣ የኬላ ትዝታዎችና የሽማግሌ ቃል ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

ቁጥር ማጋነን ደግሞ ጉዳዩን ይገድላል። በጎሬው የባሪያዎች ቤት በኩል ስላለፈው ሕዝብ ብዛት ምሁራን ለዓመታት የተከራከሩት መጀመሪያ የተነገረው ቁጥር ከማስረጃው ስለበለጠ ነው። በደሉ ሳይጋነንም በደል ነው።

ከወረቀቱ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሰው ነው። በገጠራችን ዛሬም ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ ይፈርሳል፣ አያት ተጠቅሶ ሰው ይሰደባል። የመዝገቡ ቅጽ የማንንም ቤተሰብ ስም ያለ ፈቃዱ መያዝ የለበትም። የተሸጡት ሰዎች ዘሮች ከፈለጉ ቀድመው የሚሰሙ፣ ካልፈለጉም ዝም የማለት መብታቸው የሚከበርላቸው መሆን አለባቸው። ይህ ካልተሟላ ማመልከቻው ባይገባ እመርጣለሁ።

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ የባሪያን ነገር ለማስቀረት ቃል ገብታ። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ቢኖሩ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። የታሪክ መምህራን፣ የወረዳ የቅርስ ባለሙያዎችና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ ማመልከቻውን በኋላ መጻፍ ይቻላል። የእነሱን ቃል ግን በዚህ ዓመት፣ በፈቃዳቸው፣ ጻፉት።