ከፈረሰ ቤት የተረፈ ቀሲዳ

በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚታየው የደማስቆ እንግዳ መቀበያ እልፍኝ፣ በግድግዳው እንደተጻፈው፣ በ1119 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1707) የተሠራ ነው። ቤቱ ፈርሷል፤ የተረፉት በጂፕሰም የጎበጡ፣ በቀለም፣ በወርቅና በቆርቆሮ ስስ ሽፋን ያጌጡ ሳንቃዎች ናቸው።

ሳንቃዎቹ ዳግም ሲገጠሙ ተራቸው ተዛብቶ ነበር። በኋላ ለማስተካከል የረዳው በላያቸው የሰፈረው የዐረብኛ ግጥም ነው፤ ከአትክልት ሥፍራ ምሳሌ ተነሥቶ፣ ባለቤቱን በስም ሳይጠራ ቤቱን ያወድሳል። ስንኝ ስንኙን ሲከተል ሳንቃም ሳንቃውን ተከተለ (ቀሲዳ በቃሉ የያዘ ደረሳ ይህን ሥራ በቀላሉ ይረዳዋል)። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጥገና የቋንቋ ዐዋቂው ከአናጺው ያነሰ ድርሻ የለውም እንላለን።

ጽሑፍ የሌለበት በር ወይም ምሰሶ ግን እንዲህ ያለ መሪ የለውም። በየአካባቢያችን አሮጌ መስጂድ ወይም ቤት ሊፈርስ ሲል፣ ኢማሙና መምህሩ እንጨቱ ከመነቀሉ አስቀድመው ፎቶግራፍ ያስነሡ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር ያጽፉ፤ ከየትኛው ግድግዳ እንደወጣም በመዝገብ ያስፍሩ።