አሮጌ ጠመንጃ በፊዚክስ ዓይን

በጋዝጊብላና በሰቆጣ ደጋ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ንብረት ነው። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ስሙ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ መሣሪያው የተነደፈው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘር ተከተለ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲያረጅ ባለቤቱ በቤቱ ሊያድሰው ቢመኝ አይገርምም። ይሁን እንጂ የትኛው እድሳት ተራ ጽዳት፣ የትኛውስ ለሕይወት አስጊ እንደሆነ የሚለየው ልማድ ሳይሆን ፊዚክስ ነው።

አሥር በሬ የሚያህል ሸክም

በማውዘር ውስጥ ባሩድ ሲነድ የሚፈጠረው የጋዝ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህ ግፊት አረሩን ወደ ፊት ሲያስወነጭፍ ቀለሁንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኃይል የግፊትና የስፋት ብዜት ነውና፣ ግፊቱ የሚያርፍበትን የቀለህ ወለል 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ ወደ ኋላ የሚመጣው ኃይል 30,000 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህም እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 10 በሬዎች ክብደት ነው።

ይህን ሁሉ የሚመክተው ከተኳሹ ዓይን አጠገብ ያለው፣ በእጀታ የሚከፈትና የሚዘጋው የብረት መዝጊያ ነው። በውጅግራ መዝጊያውን የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። የ1898 እ.ኤ.አ. ማውዘር ግን ከፊት ሁለት ጥርሶች፣ ከኋላ አንድ ተጠባባቂ ጥርስ አለው። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ በመሆኑ፣ ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውን ጭስ አልባ ባሩድ አጉርሶ «ማሻሻል» መሣሪያውን ማፈንዳት ሊሆን ይችላል።

ጥርሶቹ ሲበሉ በመዝጊያውና በቀለሁ መካከል ትርፍ ክፍተት ይፈጠራል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ክፍተት እንኳ የቀለሁን ናስ ለጥጦ ሊበጥሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ሞረድ የጠነከረውን የብረት ገጽ ይልጣል፤ ብየዳም በሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋል። እንዲህ ያለ ጉድለት በዓይን አይታይም፤ በልዩ መለኪያ ብቻ ይታወቃል።

ጉዳት የሌለው እድሳት

ጥይቱ ከወጣ በኋላ የሚሠራ ጽዳት ግን ሌላ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጨው እርጥበት ስቦ ብረትን ያዝጋል። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም ዘይት መቀባት ነው። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት ይስማማዋል፤ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠጥር እንጨቱን ከእርጥበት ይጠብቀዋል።

ማነጣጠሪያውንም ለመሞረድ መቸኮል አይገባም። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 20 በመቶ ያህል ስለሚያንስ የአረሩ ፍጥነት ቀስ ብሎ ይቀንሳል፤ ለአውሮፓ ቆላ የተሰናዳ መሣሪያ በሩቅ ዒላማ ላይ ከፍ አድርጎ ቢመታ ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝንም ሆነ መጠገንን በፈቃድ የሚመራ ተግባር አድርጎታል። ፊዚክሱም ከሕጉ ጋር ይስማማል፤ መዝጊያው ተለክቶ ብቁነቱ ያልተረጋገጠ የአያት ጠመንጃ በክብር ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ አይተኮስበት።