ቼስትነት በኾበር ሳሎን

ዊ የኒንቴንዶ ማሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ፣ ሪሞቱን እንደ ራኬት እያወዛወዙ የሚጫወቱበት። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልቆይበትም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት በ2008 ለዚሁ ማሽን የወጣውን «ሜጀር ሊግ ኢቲንግ» የሚባለውን ጌም ነው። አሳታሚው ማስቲፍ የተባለ ኩባንያ ነው። ተጫዋቹ ኳስ አይመታም፣ መኪና አይነዳም፤ ይበላል። ያውም እውነተኛ የመብላት ውድድር ውስጥ የሚሳተፉ ሰዎችን ሆኖ፣ በስማቸውና በመልካቸው። ከነሱ አንዱ ጆይ ቼስትነት ነው።

ጌም ውስጥ መብላት አዲስ ነገር አይደለም። ፓክማን ከ1980 ጀምሮ ነጠብጣብ ሲለቅም፣ ኪርቢም ከ1992 ጀምሮ ጠላቱን ሲውጥ ኖሯል። እነዚህ ግን ምናብ የፈጠራቸው ናቸው። ቼስትነት ካሊፎርኒያ ያደገ፣ ሲበላ የሚያልበው፣ መንጋጋው የሚዝል ሰው ነው። እሱን ተሆኖ ሲበላ ድካሙም አብሮ መምጣት አለበት፤ ጌሙን የወደድሁትም በዚህ ነው።

ያገኘሁት ሳዑዲ ውስጥ፣ ኾበር ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። የቤቱ አባወራ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ሰው ስለነበር ማሽኑን ከዚያው ነው ያመጣው፤ ያኔ የሳዑዲ ቤቶች መብራት ደግሞ 127 ቮልት ስለነበር የአሜሪካው ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ጌሙ በዲስክ አይሸጥም ነበር፤ ከማሽኑ የኢንተርኔት መደብር ይወርድ ነበር እንጂ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ከመለስኩ በኋላ፣ ቀጣዩ ጉዞ እስኪመጣ ሳሎኑ ደጃፍ ቁጭ እላለሁ። አንድ ቀን ትልቁ ልጅ «ዓሚ (አጎቴ)፣ ና አንተም ሞክር» ብሎ ሪሞቱን ሰጠኝ።

ተሸነፍኩ። ሪሞቱን ወደ አፍ አቅጣጫ ከፍ ስታደርገው የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ይጎርሳል። እኔ ደግሞ መጉረስ ብቻ መስሎኝ እጄን እንደ ወንጭፍ አወናጨፍኩት። ምግቡ በአፉ ሞላ፣ ማላመጡ ከምቱ ወጣ፣ የሆዱ ልኬት ቀይ ሆነ፣ ሰውዬው አስመለሰ፤ አለቀ። ልጁ አልሳቀብኝም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ የሆዱን ልኬት አሳየኝና «ይህን እያየህ ብላ» አለኝ። በሁለተኛው ዙር ቀስ አልኩ፤ ጎረስኩ፣ በምቱ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። አሁንም ተሸነፍኩ፤ ግን ሰውዬው አላስመለሰም።

አያትየዋ ከሶፋው ጥግ ሆነው ሲያዩን ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ሥጋው የምን ነው?» የጌሙን ባላውቅም የእውነተኛውን ውድድር አውቅ ስለነበር እሱን ነገርኳቸው። በየዓመቱ ጁላይ 4 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የሚደረገውን የሆት ዶግ ውድድር የሚያዘጋጀው ኔታንስ የተባለው የሆት ዶግ ኩባንያ ነው፤ ሆት ዶጉም ጥርት ያለ የበሬ ሥጋ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ልምጣ። የመብላት ተወዳዳሪ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ወፍራም፣ ሆዱ የተንጠለጠለ፣ ያየውን የሚያግበሰብስ ሆዳም ነው። በጎረቤት ከተማዋ በደማም ዓርብ ዓርብ የምንሰበሰብ አበሾች ዘንድ ይህን ባነሣሁ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ የሰፈሩን ግዙፍ ሰው ይጠራልኛል፤ «እሱ ቢሄድ ያሸንፋቸው ነበር» ይላል። አያሸንፍም! ሶንያ ቶማስ የምትባል ኮሪያ የተወለደች ሴት አለች፤ ክብደቷ 45 ኪሎ ገደማ። በ2003 በ6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ 65 የተቀቀለ እንቁላል በልታለች። ወፍራሙ ተመልካች ያን ጊዜ የት ነበር?

በ2007 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ የ29 ዓመት ቀጭን ተወዳዳሪንና ከእሱ ገዝፎ በደንብ የሚበላ ሌላ ሰውን በኤክስሬይ ሥር ሆት ዶግ እያበሉ አዩአቸው። ግዙፉ በ7ኛው በቃኝ አለ። ተወዳዳሪው በ10 ደቂቃ 36 በልቶ ገና ሊቀጥል ሲል ሐኪሞቹ ፈርተው አስቆሙት። ተወዳዳሪ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት ያወርዳል የሚለው ግምት ፈረሰ፤ እንዲያውም የሱ ጨጓራ ምግብን የሚለቀው ከሌላው ሰው ይበልጥ ቀስ ብሎ ነበር። ያደረገው ነገር መለጠጥ ነው፤ ጨጓራው መኮማተሩን ትቶ እንደ ስልቻ ተነፋ። የመጥገብ ስሜትም አልመጣለትም። ይህ ከዓመታት ልምምድ የሚመጣ ነው፣ ዋጋም ያስከፍላል። የውድድሩ ታላቅ ሰው የሆነው ጃፓናዊው ታከሩ ኮባያሺ በ2024 ረሃብ እንደማይሰማው ተናግሮ ጡረታ መውጣቱን አስታውቆ ነበር።

ስለ ኮባያሺ ብዙ የምለው አለኝ። በ2001 ኮኒ አይላንድ ሲመጣ ያለፈው ክብረ ወሰን 25 ሆት ዶግ ገደማ ነበር። ቀጭኑ ወጣት በ12 ደቂቃ 50 በላ። ቆጣሪዎቹ የሚያሳዩት ቁጥር አልቆባቸው በወረቀት እየጻፉ ያነሡ ነበር ይባላል። የሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥጋውን ለሁለት ሰብሮ ሁለቱን ግማሾች ባንድ ላይ ጎረሰ። ስሙም የሰሎሞን ዘዴ ተባለ፤ ንጉሡ ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት ያለበትን ፍርድ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ሁለተኛው ትልቁ ነው፤ ዳቦውን ከሥጋው ለይቶ ውሃ ውስጥ ነከረው።

ውሃው ለምን? ደረቅ ዳቦ በአፍ ውስጥ ምራቅ ይጠጣል፤ ምራቅ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ዳቦው አየር የያዘ ስለሆነ ሲጎረስ አፍን ይሞላል፣ ሲነከር ግን አየሩ ወጥቶ ይጨማተራል፣ ይንሸራተታል። ይህን ለአበሻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ፍትፍት ነው። ደማም በምንሰበሰብበት ቤት አንዲት እህታችን ጉርሻ ስታዘጋጅ አስተውዬ አይቻለሁ። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ በወጡ መረቅ ታርሰዋለች፣ በሦስት ጣቷ ጠቅልላ ጫፉን ትጫነዋለች። ሲገባ አያንቅም፣ አይፈራርስም። ኮባያሺ በብርጭቆ ውሃ የሠራውን እሷ በመረቅ ትሠራዋለች፤ እሱ ለፍጥነት፣ እሷ ለፍቅር። አንዱ «ፈረንጅ ምግብ ያባክናል» ሲል ይህንኑ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ጎረሰ።

ቼስትነት የኮባያሺን ዘዴ ተምሮ ነው ጌታውን የጣለው። በ2007 66 ለ63 አሸነፈው። በ2008 ጊዜው ወደ 10 ደቂቃ አጠረ፤ 59 ለ59 እኩል ወጡ፤ በተጨማሪ ዙር አምስት ሆት ዶግ ቀድሞ የጨረሰው ቼስትነት ነበር። ጌሙ የወጣው በዚያው ወር ነው። ልጆቹ ያን ፍልሚያ አላዩትም፤ እኔ ስተርክላቸው ግን ሁሉም ቼስትነትን ካልሆንኩ ብለው ተጣሉ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ማሰሪያ የእጅ አንጓችሁ ላይ አጥልቁ! ኒንቴንዶ በ2006 ዲሴምበር 3.2 ሚሊዮን ማሰሪያ በጠንካራ የቀየረው ሪሞት እያመለጠ ቴሌቪዥን ስለሚሰብር ነው። መብላት ቀላል እንቅስቃሴ ይመስላል፤ ሰው ሲቸኩል ግን ከቴኒስ ይልቅ ክንዱን የሚወረውረው በዚህ ጌም ነው።

ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። ተጫውተው ሲያበቁ በእውነተኛ ምግብ፣ ወይም ሆድ ለመለጠጥ ብለው በውሃ የሚሞክሩ አሉ። አታድርጉት። በ2007 ጃንዋሪ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ብዙ ውሃ የመጠጣት ውድድር አድርጎ ነበር፤ ሽልማቱ ይኸው ዊ ራሱ ነው። አንዲት የ28 ዓመት የሦስት ልጆች እናት ለልጆቿ ማሽኑን ልታገኝ ብላ ጠጣች፤ ከሰዓታት በኋላ ሞተች። ከመጠን ያለፈ ውሃ የደምን ጨው አቅጥኖ አንጎልን ያሳብጣል። ያንን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ሪሞቱን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ትንሿ ልጅ «ልጆቿስ ማሽኑን አገኙ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጌሙን ዛሬ ልግዛ ለሚል የሚሆን ነገር የለም። የዊ መደብር በ2019 ጃንዋሪ 30 ተዘግቷል፤ ቀድሞ ያወረደ ሰው ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ አሮጌ ዊ እጁ ላይ ያለ ሰው አጽድቶ ከመሸጡ በፊት ውስጡን ይይ።

ኮባያሺ ጡረታ ወጣሁ ቢልም፣ በዚያው በ2024፣ በሴፕቴምበር፣ ከቼስትነት ጋር ላስ ቬጋስ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ኔትፍሊክስ በቀጥታ አስተላለፈው። ደንቡ ዳቦውን ከሥጋው መለየትንም ውሃ ውስጥ መንከርንም ከለከለ። ኮባያሺ በ10 ደቂቃ 66፣ ቼስትነት 83 በሉ። ልጁ አሁን ጎልማሳ ሆኖ ደማም ይሠራል። ያን ሌሊት ደወለልኝ፤ «ዓሚ፣ ደረቁን እኮ ነው የዋጠው!» አለኝ፤ ከጀርባው የቴሌቪዥኑ ጩኸት ይሰማ ነበር።