ተለማማጁን ኮንቴነሩ ድረስ አምጡት

ትራንዚተር ነኝ። ጅቡቲ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ዕቃ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ቀጠናው በ2018 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር ነበር፤ በዕቅዱ 4,800 ይደርሳል። ለተማሪ የሚሆን ሥራ ሞልቶታል፤ የሚያሠራቸው ሰው ግን የለም። ስታዥ (የሥራ ልምምድ) የወጣው ልጅ በአንዳንድ ቢሮ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይከርምና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይሄዳል።

እኔ ጋ የመጡትን ወደ ኮንቴነሩ እወስዳቸዋለሁ። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቢሆንም የቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የጭነት ሰነዱን) ቁጥርና በሩ ላይ ያለውን ማሸጊያ ራሳቸው ያመሳክራሉ። አንድ አኃዝ ከተዛነፈ ዕቃው ይቆማል፣ ዲመሬጁም (የመዘግየት ክፍያው) ይቆጥራል። አንዷ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ኢንቮይሱ 400 ካርቶን ይላል፣ ፓኪንግ ሊስቱ 40፤ የቱን ልመን?» አለችኝ። «አንዱንም አትመኚ፤ ላኪውን ጠይቂ» አልኳት። ለላኪው በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ለጉምሩኩ ሹም በፈረንሳይኛ አስረዳች። ዲመሬጅን ክፍል ውስጥ ተምራዋለች፤ የፈራችው ግን ያን ዕለት ነው።

እዚሁ ከተማ የተሻለ አሠራር አለ። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ የኢንዱስትሪና ንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተከፈተው የሙያ ማሠልጠኛ፣ የሉባን ወርክሾፕ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው፤ የባቡርና የሎጂስቲክስ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ቦታ ናጋድ ባቡር ጣቢያም አለ። ትምህርት ቤቱና የኢትዮጵያ–ጅቡቲን ባቡር መስመር ከሠሩት የቻይና ድርጅቶች አንዱ አብረው ስላቋቋሙት፣ ልምምዱ በደብዳቤ የሚለመን ውለታ አይደለም።

በአገራችን በኢትዮጵያም ፖሊሲው አልጎደለም። በቴክኒክና ሙያ የትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ታስቧል፤ የምህንድስና ተማሪም አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣል። ያልተሟላው ድርጅቱ የሚገባው ግዴታ ነው። በጀርመን የባደን ቩርተምበርግ ጥምር ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሦስት ወር ይማራል፣ ሦስት ወር ይሠራል፤ ድርጅቱ ደግሞ ሦስቱንም ዓመት ደመወዝ ይከፍለዋል። ገንዘቡን ያወጣ ድርጅት ልጁን ፎቶ ኮፒ አያስጠብቀውም። እኛ ደመወዙ ቢከብደን እንኳ የሚያሠለጥነውን ሠራተኛ ሰዓት መቁጠር አያቅተንም፤ አሁን ሠራተኛው የሚያስተምረው የራሱ ሥራ ሳይቀነስለት ነው።

ስለዚህ ለድርጅቶች፦ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው መድቡ፣ ከዕለት ሥራውም ቀንሱለት። ዩኒቨርሲቲዎችም የግምገማውን ቅጽ ከመቀበላችሁ በፊት፣ ልጁ የት እንደተቀመጠ መጥታችሁ እዩ።