የልብስ መጭመቂያ መሣሪያና የገጠር ሴቶች ድካም

ልብስ ማጠብ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማሸቱ ነው። ይሁን እንጂ ውሃውን ጨምቆ ማውጣትም ከማሸቱ የማያንስ ድካም አለበት። ጋቢ ያጠበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በደንብ ካልጠመዘዙት ውሃው አይወጣም፤ ቶሎም አይደርቅም።

ይህንኑ ድካም ለማቃለል በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በእጅ የሚዞር የልብስ መጭመቂያ በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። አሠራሩም ቀላል ነው። ሁለት ድቡልቡል እንጨቶች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው በብሎንና በሞላ ይጣበቃሉ፤ ኋላ ላይ የተሠሩት ደግሞ ጎማ የለበሱ ናቸው። አንድ ሰው እጀታውን እያዞረ ልብሱን በመካከላቸው ሲያስገባ ውሃው ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ልብሱም ተጨምቆ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። የተመለሰው የሳሙና ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ ስለሚያገለግል፣ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤተሰብ ጥቅሙ ቀላል አልነበረም።

ከዚህ መሣሪያ ጋር ስማቸው ከሚነሣው መካከል በዋሽንግተን ከተማ በቤት ሠራተኛነት ይተዳደሩ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊት ኤለን ኤግሊን ይገኙበታል። ወይዘሮዋ የፈለሰፉትን መጭመቂያ እ.ኤ.አ. በ1888 በ18 ዶላር ብቻ ሸጡት። ምክንያታቸውም የጥቁር ሴት ሥራ መሆኑ ከታወቀ ነጮች እመቤቶች አይገዙትም የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ትርፍ የገዢው ሆነ።

መጭመቂያው በሞተር መዞር ሲጀምር ፍጥነቱ ጨመረ፤ አደጋውም አብሮ መጣ። ጣት፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም የሕፃናት ክንድ እየያዘ ጉዳት በማድረሱ፣ እንጨቶቹን በቅጽበት የሚያላቅቅ መክፈቻ ተጨመረለት።

ይሁንና ኤሌክትሪክ ላልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች የእጅ መጭመቂያው ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ የገባላቸው የእርሻ ቤቶች ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ የገበሬ ሚስቶች በእጅ መጭመቂያ ክንዳቸውን ቢያሳርፉም፣ ውሃውን ከጉድጓድ ቀድተው በባልዲ መሸከማቸውና በእንጨት እሳት ማፍላታቸው አልቀረም።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው አንድ መሣሪያ የሥራውን አንድ ክፍል ብቻ ያቀላል። የገጠር ሴት ሸክም በእርግጥ የሚቀለው ውሃው ደጃፏ ሲደርስ ነው።