ጋዙ የት ሄደ?

የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ፍርዱ ኮፈኑ ሳይከፈት ይሰጣል፦ «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ።» ባለመኪናው ይከፍላል፣ ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዝለታል፣ ከዚያ አዋሽ ሲደርስ ሙቅ አየር ፊቱ ላይ ይነፋበታል። «የዚህ መኪና ኤሲ ድሮም አይረባም» ብሎ ይደመድማል። እኔ ደግሞ ለኤሲው ጥብቅና መቆም እወዳለሁ፤ በመኪና ላይ ካሉት ዕቃዎች እንደሱ ያለ ጥፋቱ የሚታማ የለም።

አሠራሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አልኮል እጅ ላይ ሲተን ቆዳ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ እዚህም ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል። ክሩስኮቶው ውስጥ የተደበቀው ኢቫፖሬተር የጋቢናውን ሙቀት ይቀበላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን አምቆ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይገፋዋል፤ ጋዙ እዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ኤክስፓንሽን ቫልቭ ግፊቱን ይቀንስና ወደ ኢቫፖሬተር ይመልሰዋል።

በዚህ ዙር ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ቤንዚን ይቃጠላል፣ የኩሽና ጋዝ ይቃጠላል፤ የኤሲ ጋዝ ግን ያው ራሱ ሲመላለስ ይኖራል። ብዙ ትናንሽ መኪኖች የሚይዙት ከ400 እስከ 600 ግራም ቢሆን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ በመሥራቱ ብቻ አንዲት ግራም አትጎድልም። «ጋዙ እንዳያልቅብኝ» እያሉ ኤሲውን አጥፍተው ላብ በላብ ሆነው የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ። የሚቆጥቡት ነገር ቢኖር ጥቂት ቤንዚን ነው። እርግጥ ነው፣ በዓመታት ብዛት በላስቲክ ቱቦዎቹ በኩል ትንሽ ትንሽ ይሰርጋል። በወር ውስጥ የጠፋ ጋዝ ግን በቀዳዳ የወጣ ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት ገንዘብን አየር ላይ መበተን ነው፤ የተለመደው የኤሲ ጋዝ አር 134 ኤ ደግሞ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል።

ታዲያ በየት ይወጣል? በቱቦ መጋጠሚያዎች ጎሚኒ፣ ጠጠር በመታው ኮንደንሰር፣ ወይም በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ በኩል። ደግነቱ ጋዙ ብቻውን አይጓዝም፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጋዝ በወጣበት ቦታ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ ተለጥፎ ይገኛል። እሱ ካልታየ የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ ያም ካልሠራ ቀለም ተጨምሮ በልዩ መብራት ይፈለጋል።

የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ ልዩ ተወቃሽ ነው። ከተማው ቀዝቃዛ ስለሆነ ኤሲው ለወራት ተረስቶ ይቆምና አዳማን አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ይታወሳል። ማሸጊያው የሚረጥበው ኮምፕሬሰሩ ሲዞር በሚደርሰው ዘይት ነው፤ ለወራት ሲቆም ይደርቃል፣ ከዚያ ያሾልካል። በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማብራት ይበቃል። ክረምት ላይማ ሰበብ መፈለግም አያስፈልግም፤ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ የመስታወቱን ጉም እንደሱ የሚያጠፋ የለም።

ለመሆኑ ጥፋቱ የጋዝ ነው? ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲውን አብሩና ጆሯችሁን አቅኑ። በአብዛኞቹ መኪኖች የኮምፕሬሰሩ ክላች ሲይዝ «ጠቅ» ይላል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነፋሱ ከደከመ፣ ብዙውን ጊዜ ከጋቢናው ኪስ ጀርባ ያለው የአየር ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኗል። በፍጥነት መንገዱ ላይ እየቀዘቀዘ ቦሌ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩን ቬንትሌተር እዩ። «ጠቅ» ካላለ ፊውዝና ሪሌይ ይታያሉ፤ ከዚያ የግፊት ስዊቹ። ጋዝ ሲያንስ ዘይትም በደንብ ስለማይዞር፣ ይህ ስዊች ኮምፕሬሰሩ በደረቁ እንዳይፈጭ ያቆመዋል። በሽቦ አገናኝተው ስዊቹን የሚያልፉ «ብልሆች» አሉ። የጥቂት ብር ሥራ ቆጥበው ኮምፕሬሰር ይገድላሉ። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ግን ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነውና አትደንግጡ።

አሁን ወደ ግፊት መለኪያው ጌጅ። ኤሲው ጠፍቶ ሲለካ፣ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። በ25 ዲግሪ 80 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ ጋዙ ሙሉ ቢሆንም፣ ግማሹ ቢጎድልም ያው ነው። ሲሠራ የሚነበበው ቁጥርም በአየሩ ሙቀትና በሞተሩ ዙር ይለዋወጣል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግራሙ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ደንበኛም ይጎዳል፤ ከልኩ ያለፈ ጋዝ ግፊቱን አንሮ ማቀዝቀዙን ያዳክማል።

ከመሙላቱ በፊት ሥርዓቱ በፓምፕ ባዶ ይደረጋል፤ እርጥበት ከቀረ ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከዘይቱ ጋር ተዳምሮም ብረቱን ይበላል። አንድ ወጣት ባለሙያ እዚህ አዲስ አበባ ተጨንቆ፣ «ጋሼ፣ ፓምፑ ሞቷል መሰለኝ፤ መጽሐፉ 29 ኢንች ይላል፣ የኔ መርፌ 22 ላይ ቆመ» አለኝ። ፓምፑ ደህና ነበር። 29 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ ጅቡቲ ላይ ይደረስበታል። ድሬዳዋ ላይ ወደ 26 ይወርዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው ከ22 ወይም 23 ኢንች አያልፍም። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ታዲያ በምን ልወቅ?» አለኝ። ፓምፑን ዘግተህ ጠብቅ፤ መርፌው ተመልሶ ከወጣ ቀዳዳ አለ፣ ባለበት ከረጋ ሙላ።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጋዙ በየት ወጣ? መርፌው ምን ያህል ጊዜ ረግቶ ቆየ? ስንት ግራም በሚዛን ገባ? ሦስቱንም የሚመልስላችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ የጠየቃችሁን ሳትከራከሩ ክፈሉት። ለመጀመሪያው ጥያቄ እንኳ መልስ የሌለው ካጋጠማችሁ ግን ኮፈኑን ዘግታችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ወር ያው ናችሁ።