እናቲቱ የት ናት?
የወፎችን መንደር ፎቶ ስለማንሳት

 

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንዲት ተማሪያችን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ይቺን ፎቶ ይዩልኝ!» አለችኝ። ሰፈሯ ካለው መናፈሻ፣ ከሐይቁ ዳር ያነሳችው ነው። ሸምበቆ መሀል የወፍ ጎጆ፣ ጎጆው ውስጥ ነጠብጣብ ያለባቸው ስድስት እንቁላሎች። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ግሩም ነበር። ብርሃኑ ጥሩ፣ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «እናቲቱ የት ናት?»

ልጅቷ ፎቶውን መልሳ አየችው። «ስጠጋ ጊዜ ዋኝታ ሄደች» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «በእኔ ምክንያት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ደወል ስለተደወለ ያን ዕለት በደንብ አልመለስኩላትም። መልሱ ይኸው። ለሁላችሁም የምጽፈው ደግሞ በሰኔ ወር ትምህርት ቤታችን ወደ ፋርን ደሴቶች ስለሚሄድና አብዛኞቻችሁ ካሜራ ወይም ስልክ ይዛችሁ ስለምትመጡ ነው።

ፋርን በእንግሊዝ አገር ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከኖርዘምበርላንድ ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሲሃውስስ ከምትባል መንደር በጀልባ ይኬዳል። በግንቦትና በሰኔ እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከዚያ ጩኸቱ። ገደሉ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ መሬት ውስጥ ሳይቀር ወፍ ነው። ፓፊን የምትባለው ባለቀለም መንቁሯ ወፍ መሬት ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ጊልሞት የምትባለው ደግሞ ጎጆ የሚባል ነገር አታውቅም፤ አንዷን እንቁላሏን ባዶ ድንጋይ ላይ፣ የገደል አፋፍ ላይ ትጥላለች። አርክቲክ ተርን የምትባለው ነጭ ወፍ ሰዎች በሚሄዱበት የእንጨት መተላለፊያ ዳር፣ እግራችሁ ሥር ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ላይ ትታቀፋለች።

ብዙ ወፎች እንዲህ ተጠጋግተው ሲሰፍሩ እኔ «የወፍ መንደር» እለዋለሁ። ለምን ተሰበሰቡ? አንደኛ፣ ደሴት ላይ ቀበሮ በቀላሉ አይደርስባቸውም። ሁለተኛ፣ ብዙ ዓይን ስላለ ጠላት ሲመጣ አንዷ ካላየች ሌላዋ ታያለች፤ ተባብረውም ያባርሩታል። አገር ቤትም ይኸው ነው። ሻላ ሐይቅ ላይ ነጫጭ ፔሊካኖች ይፈለፍሉ የነበረው ሐይቁ መካከል ባለች ደሴት ነው።

ነገር ግን መንደር ችግርም አለው። አንዷ ደንግጣ ስትነሳ ጎረቤቶቿም አብረው ይነሳሉ። ያኔ የአንዷ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ እንቁላል ሁሉ ባንድ ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አገር ቤት ያደጋችሁ ወላጆች የታቀፈች ዶሮ ታስታውሳላችሁ አይደል? ጨለም ባለ ጥግ ትቀመጣለች፤ እኛ ልጆች እጃችንን ልንሰድ ስንል እናቶቻችን ይቆጡን ነበር። ምክንያቱም እንቁላሉ ውስጥ ያለችው ጫጩት እስክትፈለፈል ድረስ የእናቷ ሰውነት ሙቀት ያስፈልጋታል። የባሕር ወፍም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ጋ ንፋሱ ብርድ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጥላ የለም። እናቲቱ (ብዙ ጊዜ አባትየውም በተራው ይታቀፋል) ስትነሳ እንቁላሉ ወይ ይቀዘቅዛል ወይ ይግላል። ከሁሉ የሚፈጥነው ግን ሌባው ነው። ሲጋልና ቁራ ሰው መንደሩን ሲያስደነግጥ አይተው ይመጣሉ። እንቁላል ለመውሰድ ጥቂት ሰከንድ ይበቃቸዋል። ጊልሞት ደግሞ በድንገት ስትነሳ እንቁላሏ ራሱ ከአፋፉ ሊንከባለል ይችላል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ አዲስ ካሜራ የገዛሁ ሰሞን፣ ጠጠር የበዛበት የባሕር ዳርቻ ላይ አንዲት ወፍ በላዬ እየዞረች ስትጮህ አየሁ። «ፎቶ አንሳኝ የምትል ትመስላለች» ብዬ ደስ አለኝ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ ያህል አነሳኋት። ልሄድ ስነሳ ከቦርሳዬ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጠጠር የሚመስሉ ሦስት እንቁላሎች አየሁ። ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ለካስ ወፏ ስትለምነኝ ነበር! ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ፎቶዎቹ አሁንም አሉኝ፣ ለማንም አላሳየኋቸውም።

ይህ የአንድ ጎጆ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል ቦታ የሆነው ግን ይባስ። አንድ ሰው የለቀቀው ድሮን የተርኖች መንደር መሀል ወደቀ። ወደ 3,000 የሚጠጉ ወፎች ደንግጠው ተነሱና አልተመለሱም። ሜዳው ላይ ከ1,500 በላይ እንቁላል ተጥሎ ቀረ።

እንግዲያው ፎቶ ይቅር? ኧረ አይቅር! ወፎችን እንድንወዳቸው ካደረጉን ነገሮች አንዱ ፎቶ ነው። ድሮ ወፍ የሚያጠና ሰው በጠመንጃ ገድሎ፣ እንቁላሏንም ሰብስቦ ነበር የሚያጠናው። ከዮርክሸር የመጡ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበትን ጎጆ በቦታው ሳሉ ፎቶ አነሱ። በ1895 ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ በፎቶ የተሞላ መጽሐፍ አወጡ። ሪቻርድ በልጅነቱ ጎጆ ሊያይ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ አንድ እግሩ አጥሮ ቀርቶ ነበር፤ ሆኖም ገደል ለገደል ይዞር ነበር። ደግሞ ብልሃታቸው! ወፎች በሬ እንደማይፈሩ ስላስተዋሉ በ1900 የበሬ ቆዳ ከውስጥ ባዶ አድርገው አቆሙና ሪቻርድ ከነካሜራው ሆዱ ውስጥ ገባ። ወፎቹ በሬ መስሏቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። እናንተ በሬ አያስፈልጋችሁም። የአባታችሁ መኪና ይበቃል፤ ብዙ ወፎች የቆመ መኪናን እንደ ሰው አይፈሩትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጸጥ ብላችሁ ጠብቁ።

ፋርን ላይ መተላለፊያው ራሱ እንደ በሬው ያገለግላል። ወፎቹ ሰው በዚያ መስመር ብቻ እንደሚሄድ ለምደዋል። አንድ እርምጃ ከመስመሩ ስትወጡ ግን ለእነሱ ሌላ ፍጡር ሆናችሁ ማለት ነው፤ የፓፊን ጉድጓድ ጣሪያም ስስ አፈር ስለሆነ ከእግራችሁ ሥር ሊደረመስ ይችላል። ፍላሽ አጥፉ። በጉልበታችሁ ዝቅ በሉ፤ ከወፏ ዓይን ጋር ትክክል ስትሆኑ ፎቶው ያምራል። የምትበር ወፍ ከሆነች የካሜራውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ አታሳንሱ፣ ያለዚያ ክንፏ ጭስ ይመስላል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ዓይን ላይ ስልካችሁን ለጥፋችሁ ሞክሩ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሠራል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ። ፓፊን አፏ ሙሉ ትንንሽ ዓሣ ይዛ ቆማ ካያችኋት በጣም ታምራለች፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ፎቶ እሱ ነው። ቆማ የቀረችው ግን እናንተ በእሷና በጉድጓዷ መካከል ስለቆማችሁ ሊሆን ይችላል። እስክትሄዱ ስትጠብቅ ሲጋል መጥቶ ዓሣውን ይነጥቃታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ጫጩት ምሳ የላትም። አንድ ፎቶ አንሱና መንገድ ልቀቁላት። አንገቷን የምታሰግግ፣ መብላት ወይም ማብላት ያቆመች፣ የምትጮህ ወፍ ካያችሁም ወደኋላ በሉ።

አርክቲክ ተርኖችስ? እነሱ ፈርተው አይሸሹም፣ ይመጡባችኋል! ሹል መንቁር አላቸው፤ አናት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ደም እስኪወጣ ድረስ። አትቀየሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ፋርን ላይ ገና መብረር ሳትችል እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ተርን፣ መብረር ከጀመረች ሦስት ወር ያህል ቆይታ አውስትራሊያ ሜልቦርን ተገኝታለች። ከ22,000 ኪሎ ሜትር በላይ! እንዲህ ያለ ጉዞ የሚጠብቃትን ልጅ የምታሳድግ እናት ብትቆጣ ምን ይገርማል?

ዘንድሮ ለክረምት አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዛፎቹን ቀና ብላችሁ እዩ። ቢጫ ወፎች ከሣር የሸመኑት ጎጆ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ከዛፉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ሲሠራ አንሱት። ቅርንጫፉን ወደ ታች አትጎትቱ፤ የአጎት ልጆቻችሁ «ላውርድልህ፣ ላውርድልሽ» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ።

ልጅቷስ? ባለፈው እሑድ ከአባቷ ጋር ተመልሳ ሄዳ ነበር። ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና አነሳች። ወፏ ጎጆዋ ላይ ናት፤ ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፣ ከፊት ለፊትም ሸምበቆ ገብቶበታል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ይህኛውን ነው።

ለወላጆች ስለ ጉዞው ጥቂት ማሳሰቢያ፦ በወፍ ጉንፋን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ደሴቶቹ ላይ መውረድ ተከልክሎ ነበር፤ በ2024 ተከፍቷል። ልጆች የሞተ ወፍ እንዳይነኩ ንገሯቸው፤ ጫማቸውም ንጹሕ ይሁን። ባሕሩ ስለሚበርድ ሹራብ ያስፈልጋል። ባርኔጣ ያልያዘ ልጅ ደግሞ ከጀልባው አይወርድም፤ ምክንያቱን ተርኖቹ ያስረዱታል።